መረባቸውን ትተው ስለ ሄዱት

ጌታ በገሊላ ባሕር ዳር ሲመላለስ ስምዖንንና እንድርያስን፣ ኋላም የዘብዴዎስን ልጆች መጥራቱ፣ እነርሱም መረቡን፣ ታንኳውን፣ አባታቸውን ትተው መከተላቸው በቁሙ የታወቀ ነው። ዳባት ገበያ የሚውል ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ እንለፈው።

አንድም መረብ የተባለች ኦሪት ናት፤ ታንኳ ምኵራብ፣ ዘብዴዎስም የአባቶች ልማድ። ኦሪትን ነቅፈው አልተዉአትም፤ ወንጌል ብትመጣ ነው።

አንድም መረብ የዚህ ዓለም ኑሮ ነው፤ ሰው ኑሮውን አጠምዳለሁ ሲል በኑሮው ይጠመዳልና። ሐዋርያት ድሆች ነበሩ፣ ምን ኖሯቸው ተዉ ይባላሉ ቢሉ፣ ባለጸጋ አንዱን ትቶ በሌላው ይኖራል፤ ድሃ ግን የተበጣጠሰች መረቡን ሲተው ያለውን ሁሉ ተወ። ባለጸጋ ሆኖ ሁሉን የተወ የለምን ቢሉ፣ ኤልሳዕ አለ። ኤልያስ መጐናጸፊያውን ሲጥልበት በዐሥራ ሁለት ጥማድ ያሳርስ ነበር። በወገራ ምድር ዐሥራ ሁለት ጥማድ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚከበር ለእናንተ አይነገርም። ያ ሰው በሬዎቹን አርዶ በእርሻው ዕቃ ቀቅሎ ሕዝቡን አበላ። ሸጦ ገንዘቡን ማኖር ሲችል ዕቃውን ስለ ምን አነደደው ቢሉ፣ የተሰቀለ ሞፈር ይወርዳል፤ የነደደ ግን በምን ይመለሳል? እርፍ ጨብጦ ወደ ኋላ የሚያየውንም ጌታ ያልወደደው ስለዚህ ነው፤ ገበሬ ዘወር ባለ ጊዜ ትልሙ ይጎብጣል፣ ማረሻውም ከድንጋይ ይጋጫል።

ለእኛ ግን ምስክሩ ከዚህም ይቀርባል፤ ቅዱስ ያሬድ ነው። ዛፍ ስለምትወጣው ትል አናወራም፤ ተማሪ ሁሉ የጠገበው ነው። በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ሁለቱም አልተሰማቸውም፤ የታወቃቸው ደሙን ሲያዩ ነው። ንጉሡ ደንግጦ የደምህን ዋጋ ለምነኝ ቢለው፣ ያሬድ ወርቅ ወይም ርስት አልጠየቀም፤ አሰናብተኝ አለ። ተሰናብቶም ወደዚህ ወደ ስሜን መጣ፤ በየዓመቱ ግንቦት 11 የምናከብረውም መሰወሩን ነው። ማኅሌቱንስ ተወን ቢሉ፣ አልተወም፤ የተወው የሚያደንቀውን ሰው ነው። ይህ ከበሬም ከመረብም ይከብዳል። ዛሬ ተጠራሁ የሚለው ሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው አድናቂውን ነው፤ ካሜራ ካልተተከለ አፉ አይፈታም። (ያሬድ ክብር ሸሽቶ በመጣበት በዚሁ ስሜን ደጃዝማች ውቤ ደረስጌ ማርያምን ለራሱ ንግሥ አሠራት ይባላል፤ በ1847 ዓ.ም. የካቲት ግን በውስጧ የተቀባው ድል ያደረገው ካሳ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሆነ።)

የቆሎ ተማሪም የያሬድን መንገድ ይሄዳል። ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ የወጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ሲወርድ የእናቱን ምድጃ ትቶ ነው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ በማይታወቅበት ቀዬ፣ በአንድ እጁ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል። ያገኘውን ቍራሽ ከጎጆው ደጅ በፀሐይ አድርቆ ለክረምት ያኖራል፤ ሌሊት ቀለሙን ሲቀጽል ያድራል። ይህን ልጅ ሥራ ፈት ብሎ የሚያባርር ሰው እሑድ ቅዳሴ ሲያስቀድስ፣ ዜማው ከማን አኩፋዳ እንደወጣ ይጠይቅ።

አንድም መረብ ኃጢአት ነው፤ ሌዊ የቀረጥ ወንበሩን ትቶ እንደ ተነሣ።

አንድም መረብ ወንጌል ነው፤ ሰውን ያጠምዱባታልና። ትተው ተብሎ እንዴት ይሆናል ቢሉ፣ የዓሣውን ትተው የሰውን ያዙ።

ከትንሣኤ በኋላ ጴጥሮስ ወደ ዓሣው ተመልሶ የለምን ቢሉ፣ ተመልሷል፤ ጌታም ዳግመኛ ጠርቶታል።

የዳባትና የደባርቅ ሰዎች፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ልሂድ ቢል ስንቁን አትንፈጉት። የሰው ልጅም ነገ ከደጃችሁ ቆሞ የእመቤታችንን ስም ሲጠራ ውሻውን ያዙለት፤ ካለም ከትኩሱ እንጀራ ስጡት።