የማያፍር አደራ ተቀባይ

በወሎ ቆላ መስኖ በሚለማበት አካባቢ ‹የውሃ አባት› የሚባል ሰው አለ። በዚያ ያለችው ግራና የመስኖ አገር ናት፤ ስሟ ከቆቦ ጋር ተጣምሮ ለሸለቆው የመስኖ ልማት መጠሪያ መሆኑም ይህንኑ ይናገራል። የውሃ አባት ተራ ያወጣል፣ ቦይ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የማን ማሳ ቀን የማን ማሳ ሌሊት እንደሚጠጣ ይወስናል። ማኅተም የለውም፤ ጠመንጃም አይዝም። ታዲያ ለምን ይታዘዙታል? ራሱም ከዚያው ቦይ የሚያጠጣ ገበሬ ስለሆነ ነው። ለዘመዱ አዳልቶ እንደሆነ በማግስቱ የበደለውን ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም መስጊድ በር ላይ ያገኘዋል፤ እድር ላይም ከፊቱ ይቀመጣል። ሥልጣኑ የቆመው ማፈር በመቻሉ ላይ ነው። ማፈር የማይችል ሰው የውሃ አባት አይደረግም፤ ሕግ ስለሚከለክል ሳይሆን ማንም ስለማይመርጠው።

አሁን ደግሞ ሰው የማያየው ሌላ በር ከፋች መጥቷል። ጤና ሚኒስቴር ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለውን የመረጃ ሶፍትዌር ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአገሪቱ ሲዘረጋ፣ ከገጠር ጤና ጣቢያ እስከ ዞን ጤና መምሪያ ያለው የሪፖርት ሰንሰለት ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ሶፍትዌር እንደ ሣር ክዳን ነው፤ በየጊዜው ካልታደሰ ያፈሳል። እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለማደስ ባለሙያ ፍላሽ ይዞ ከአዲስ አበባ ወልዲያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ሊመጣ፣ ከዚያም ወደ መርሳና ወደ ግራና ሊወርድ ይችላል። ሌላው መንገድ ስክሪፕት መጻፍ ነው። ስክሪፕት ጥቂት መስመር ትእዛዝ ነው፤ ሰው በተኛበት ሰዓት ከሩቁ ሰርቨር ጋር ይገናኛል፣ የመግቢያ ቁልፉን ያሳያል፣ አሮጌውን ፕሮግራም ያቆማል፣ አዲሱን ይገለብጣል፣ ያስነሳል፣ የሠራውን መዝግቦ ይወጣል። ለአንድ ሰርቨርም ለሺህም ድካሙ ያው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁልፉ ነው። ያንን ቁልፍ ለስክሪፕቱ ስንሰጥ አደራ ሰጥተነዋል ማለት እንችላለን? አንችልም ባይ ነኝ። ካልቻልን ደግሞ አደራው የት ሄደ የሚለው መመለስ አለበት፤ አደራ ባለቤት አጥቶ ሜዳ ላይ የሚቀር ነገር አይደለምና።

‹አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ› የሚለው አባባል፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ፈራጁ ሩቅ ቢሆንም ቃሉ እዚሁ ምድር ላይ ያስራል ነው የሚለው። የሚያስረው ግን ሊታሰር የሚችለውን ነው። ቁርኣን ላይ ስለ አማና፣ ማለትም ስለ አደራ፣ የተነገረው ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ አማናው መጀመሪያ ለሰማያት፣ ለምድርና ለተራሮች ቀረበ፤ እነርሱ ፈርተው እንቢ አሉ፤ ሰው ተሸከመው። የቃሉን ጥልቀት ለዑለማዎች ልተወውና አንዱን ነገር ብቻ ልያዝ፦ እዚህ ላይ አማና የሚቀርበው እንቢ ማለት ለሚችል፣ ክብደቱንም ለሚፈራ ነው። ወንጌሉም ላይ የጌታውን ንብረት ያባከነው መጋቢ ተጠርቶ የመጋቢነትህን ሂሳብ አስረክብ ይባላል፤ ሂሳብ የሚጠየቀው መልስ ያለው ፍጡር ነው። ስክሪፕት እንቢ አይልም። የተጻፈለትን ይፈጽማል፤ ጥፋትም ቢጻፍለት እንደዚያው በታማኝነት ይፈጽማል። ‹ታማኝ› የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ላይ ይሰነካከላል፤ ቦዩ ውሃውን ወደታች ስላወረደው ታማኝ ነው አንለውም። ማሽን አንድ ቀን ልብ ያወጣ ይሆን የሚለውን የፊልም ጥያቄ ለፊልም ሠሪዎች ትቼዋለሁ።

ቁልፍና ማኅተም ከባለቤታቸው ሲለዩ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ሃይማኖቶች ያስተምራሉ። በመጽሐፈ አስቴር ንጉሥ አርጤክስስ የማኅተም ቀለበቱን ከጣቱ አውልቆ ለሐማ ሰጠ። ቀለበቱ ማን እንዳጠለቀው አይጠይቅም፤ በንጉሡ ስም አንድ ሕዝብ እንዲጠፋ የሚያዝ ደብዳቤ ታተመ፣ ተላከ። ሐማ ተሰቅሎ ቀለበቱ ለመርዶክዮስ ከተሰጠ በኋላ እንኳ የመጀመሪያው አዋጅ ሊሻር አልቻለም፤ በንጉሡ ቀለበት የታተመ አይመለስምና አይሁድ ራሳቸውን እንዲከላከሉ የሚፈቅድ ሌላ አዋጅ መጻፍ ግድ ሆነ። የነቢዩ ሙሐመድ የማኅተም ቀለበት ደግሞ ከአቡበክር ወደ ዑመር፣ ከዑመር ወደ ዑስማን አልፎ፣ በዑስማን ዘመን መዲና በሚገኘው የአሪስ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። ሐዲሱ እንደሚለው ሦስት ቀን ተፈለገ፣ ውሃው ተቀዳ፣ አልተገኘም። የካዕባ ቁልፍ ታሪክ በአንጻሩ ደስ ያሰኛል፤ መካ በተከፈተች ጊዜ ቁልፉ ሊወሰድ ሲችል ለቀድሞው ጠባቂ ለዑስማን ኢብን ጠልሃ ተመለሰለት፤ ወገኖቹም እስከ ዛሬ ይዘውታል። አማናን ለባለቤቱ መልሱ የሚለውን አንቀጽ የቁርኣን ተንታኞች (ሙፈሲሮች) ከዚህ ክስተት ጋር ያያይዙታል። ከሦስቱ ታሪኮች ሦስት ጥያቄ ይወጣል፦ ቁልፉ ምን ያህል ያስችላል? ሊሻር ይችላል? የማን መሆኑስ ይታወቃል?

የአገራችን ሕግ እነዚህን ጥያቄዎች ከኮምፒውተር በፊት መልሷቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 እና 2205 ላይ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ እንደሚያሠራ፣ ቤት ለመሸጥና ይህን ለመሰለ ነገር ግን ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። ወካይም ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ለወንድሙ ጠቅላላ ውክልና ሰጥቶ ቤቱ ያልተሸጠበት ሰው፣ ወንድሙ ጨዋ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሕጉ ስላጠበበለትም ነው ያልተሸጠበት። የኮምፒውተሩ ዓለም እዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰው ዘግይቶና ተጎድቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል የሚጠልፍ ፕሮግራም ከተገኘ በኋላ ታቱ ኢሎነን ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለውን መገናኛ ሠራ። በዚህ መገናኛ የይለፍ ቃል ሳይላክ በጥንድ ቁልፍ መግባት ይቻላል፤ አንዱ ቁልፍ ከባለቤቱ አይወጣም፣ ሌላው ሰርቨሩ ላይ ይሰቀላል፤ ሰርቨሩ ሲጠይቅ በምሥጢሩ ቁልፍ ብቻ ሊፈረም የሚችል መልስ ይላካል። ንጉሡ ቀለበቱን ሳያወልቅ ያትማል እንደማለት ነው። ችግሩ የሚመለሰው ያንን የምሥጢር ቁልፍ ስክሪፕቱ እንዲያገኘው ፋይል ውስጥ ስናስቀምጠው ነው፤ ያኔ ቀለበቱ ከጣት ወልቆ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ ከተሰቀለው ቁልፍ ጎን ‹ይህ ቁልፍ ይህችን አንዲት ትእዛዝ ብቻ፣ ከዚህ አድራሻ ብቻ› ተብሎ መጻፍ ይቻላል። ልዩ ውክልና ማለት ይኸው ነው። የምሟገትለት ነገርም እዚህ ላይ ነው፦ አደራ ተቀባዩ ማፈር ሲችል ኅሊናው ይገድበዋል፤ ማፈር ካልቻለ ገደቡን ሰጪው አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ገደቡን ያልጻፈ ሰው አደራውን አላስተላለፈም፤ ራሱ ላይ አከማችቶታል።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ማሽን አይታክትም፣ ጉቦ አይበላም፣ አይረሳም፤ ስለ ኅሊና የሚወራው ሰውን ለመካብ ነው። ተቃውሞው ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ነጋዴ በ45 ደቂቃ ውስጥ 440 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከስሯል። ምክንያቱ ስክሪፕት አልነበረም፤ አንድ ባለሙያ አዲሱን ፕሮግራም ስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ሲገባው አንዱን ስለዘለለው ነው። ስክሪፕት ቢሆን ስምንተኛውን አይዘልም ነበር። ይህን ሳላቅማማ እቀበላለሁ፤ በእጅ መሥራት ጽድቅ ነው የሚል ክርክር የለኝም። ነገር ግን የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች በኋላ ሲመረምሩ ያገኙት ሌላም ነበር፤ የዚያን ባለሙያ ሥራ ሁለተኛ ሰው እንዲያይ የሚያዝ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። የጎደለው ምስክር ነበር፤ ምስክር ደግሞ ስክሪፕቱም ያስፈልገዋል። ብዙ አጥቢያዎች የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለአንድ ሰው የማይተዉት፣ የቁጠባ ማኅበራት ሳጥን ላይ ሦስት ቁልፍ ለሦስት ሰው የሚደረገው ሰውየው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። አዲስ ስክሪፕት ከመሮጡ በፊት ሌላ ዓይን እንዲያየው ማድረግ ያው ሦስተኛው ቁልፍ ነው።

የቅርቡን የራሳችንን እንመልከት። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ብሔራዊ ባንክ ችግሩ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ሥርዓቱ ላይ በተደረገ የጥገናና ፍተሻ ሥራ ጊዜ የተፈጠረ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለፈላስፋ ይጠቅማል። ባንኩ ገንዘቡን ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጠፈ፤ ሕዝቡም ለሳምንታት ገንዘቡን ስላወጡት ተማሪዎች ተከራከረ፤ ሌቦች ናቸው፣ አይደሉም። ገንዘቡን መመለስ ነበረባቸው፤ በዚህ አልከራከርም። ይሁንና እፍረት የሚቀመጥበት ወንበር ሲያጣ የሚያፍር ፊት ያለውን ፈልጎ ያርፍበታል። ኮዱ ፊት የለውም፤ ስለዚህ ፎቶው ሊለጠፍ አይችልም። ያን ሌሊት ሥርዓቱ ላይ የሚሠራው ነገር ምን ያህል ሥልጣን ነበረው፣ ከመሠራቱ በፊት ማን አየው የሚለው ጥያቄ በአደባባይ ክርክሩ ውስጥ ድምፁ ቀጭን ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስክሪፕት መሣሪያ ነው፤ ስለ ማረሻ አደራ ማን ያወራል የሚል ነው። አርስቶትል መወርወሪያው በራሱ ቢሸምን ጌቶች ባሪያ ባላስፈለጋቸው ነበር ብሎ ነበር፤ ባሪያውንም ሕይወት ያለው መሣሪያ አለው። ቃሉ ያሳፍራል፤ ቢሆንም በመሣሪያና በወኪል መካከል ያለውን ድንበር ሳያስበው ጠቁሞናል። ማረሻ በስሜ አይናገርም። ቁልፍ የያዘ ስክሪፕት ግን ሰርቨሩ ደጅ ቆሞ ‹እኔ እገሌ ነኝ› ይላል፤ ሰርቨሩም ያምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ኡበር በተባለው የታክሲ ኩባንያ የሆነው ለዚህ ምስክር ነው፤ ሰርጎ ገቦች መሐንዲሶቹ ኮድ በሚያስቀምጡበት ቦታ የተተወ ቁልፍ አግኝተው የ57 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወሰዱ። ማረሻ የሰረቀ ማረሻ ብቻ ነው የሚያገኘው። ቁልፍ የሰረቀ ስም ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ ከሁሉም የሚያሳዝነኝም እርሱ ነው። አንድ ባለሙያ ብቻ ላለው ወረዳ ሦስት ቁልፍ፣ ሁለተኛ ዓይን፣ የየቀኑ ቁጥጥር ቅንጦት ነው ይባላል። ግን ቁልፍ ማጥበብ ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ሰሜን ወሎም ለዚህ ከማንም በላይ ምክንያት አለው። ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ ከቆየች በኋላ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ብዙ ተቋማት ንብረታቸው ተዘርፎ ነው የተገኙት። ኮምፒውተር ሲወሰድ በውስጡ የተቀመጠው ቁልፍም አብሮ ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መገናኛ በሌለበት ከሩቅ ሆኖ የጠፋውን ቁልፍ ሻርኩት ማለት ከተዘጋ በር ውጭ መጮህ ነው፤ የውስጡ ሰርቨር አይሰማም። ስለዚህ ሰላምና መስመር የማይታመኑበት አገር ቁልፍ ሲወለድ የሚሞትበት ቀን አብሮ ሊጻፍበት ይገባል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው እንዲያልፍበት። የንጉሡ ቀለበት ይህ ቢኖረው የሐማ ደብዳቤ የሚፈጸምበት ቀን ሳይደርስ ይሞት ነበር።

ይህን የሚያነብ የዞን፣ የወረዳ ወይም የሆስፒታል ኃላፊ ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። ከሚቀጥለው ማሻሻያ በፊት ባለሙያውን ጠርቶ ሰርቨሩ ላይ የተሰቀሉትን ቁልፎች ዝርዝር በወረቀት ያስወጣ፤ ከእያንዳንዱ ፊት የሚጠየቅበትን ሰው ስም፣ የሚፈቅደውን ሥራና የሚያበቃበትን ቀን ያስጽፍ። ሥራ ለቆ የሄደ፣ የተዛወረ ወይም ያረፈ ሰው ቁልፍ ከተገኘ ዛሬውኑ ይሰረዝ።