ስም ያለው እስረኛና ስም የሌለው

አንድ ዝነኛ ስፖርተኛ በታሰረ ቁጥር «ገንዘብና ዝና አባለጋቸው፤ ሁሉም እንዲህ ናቸው» ማለት ይቀናናል። እውን ስፖርተኞች ከሌላው ሰው ይልቅ ይታሰራሉን?

አልፍሬድ ብሉምስታይንና ጄፍ ቤኔዲክት በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾችን ከአገሪቱ ወጣት ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። በድብደባ ወንጀል የተጫዋቾቹ የመታሰር መጠን የሌሎቹን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ታዲያ ለምን የበዛ መሰለን? የዝነኛውን መታሰር ሬዲዮው ይነግረናል፤ ሆሞሻ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ቢታሰር ግን ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ በቀር ማን ይሰማል? የምንፈርደው በሰማነው ብቻ ነው።

ዝና ነቀፋን ብቻ ሳይሆን ርኅራኄንም ይስባል። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፉት ሻምበል ማሞ ወልዴ በቀይ ሽብር ተጠርጥረው ዘጠኝ ዓመት ያህል ታሰሩ። በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለው ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከዚያ በላይ ታስረው ስለ ነበር ተለቀቁ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፉ። ፍርዱ ሲዘገይ የውጭ አገር ሯጮች ሳይቀሩ ስለ እርሳቸው ጮኹ። በተመሳሳይ ክስ ፍርድ ይጠብቁ የነበሩትን ሌሎች ብዙ እስረኞች ግን ማን አነሣቸው? ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ወላጆችስ ያን ሁሉ ዘመን ፍርድ ሲጠብቁ ስማቸውን ማን ጠራ?

እንግዲህ ስም ስላለው አንፍረድበት፤ ስም ስለሌለውም አንርሳው። ጌታችን የታሰረን እንድንጠይቅ ሲያስተምረን ዝነኛውን ከሌላው አልለየም።