ከቡናው በፊት

ልጄ፣ «ክኒኑ አልሠራልኝም፤ ውጤቴ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይወርዳል» እያልሽ ሐኪም ልትቀይሪ መነሳትሽን እናትሽ ነገረችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እስቲ ቁጭ በይ፤ በነርስነት ስሠራ የሸበትኩበትን ላጫውትሽ።

ይህ የታይሮይድ ክኒን፣ ሌቮታይሮክሲን፣ የሚለካው በማይክሮግራም ነው፤ የግራም ሚሊዮንኛ ማለት ነው። ይህችን ታህል ነገር አንድ ስኒ ቡና ያጎድላታል። ስለዚህ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቡናም ከቁርስም ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ዋጪው፤ 60 ከሆነማ ይበልጥ ጥሩ። ያለ ቡና እንደማይነጋልሽ አውቃለሁ። እንግዲያው ቡናውን አጥበሽ ምጣድ ላይ ስታደርጊ ክኒኑን ዋጥ አድርጊ። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶና ሰክኖ አቦሉ እስኪቀዳ ጊዜው ይሞላል። (የቡና ማሽን የገዛሽ ዕለት ግን ይህ ምክሬ አይሠራም።)

ደም ማነሱ ደግሞ እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብሽ። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ራሱ የወር አበባን አብዝቶ ደም ሊያሳንስ ይችላል። ለዚያ የታዘዘልሽን የብረት ክኒን ግን ከታይሮይዱ ክኒን ጋር አብረሽ ከወሰድሽ ብረቱ ሆድሽ ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳያልፍ ያደርገዋል። ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው። ካልሲየምም እንዲሁ ነው። በጾም ወራት የአኩሪ አተር ወተት የምታዘወትሪ ከሆነም ለሐኪምሽ ንገሪ።

አሁን አትቆጪኝና፣ የምትዘይው ቀን አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሳይውጡ ሰንብተው ቀጠሮ ሲደርስ ጥቂት ቀን የሚውጡ ብዙ አይቻለሁ። ደሙ ያሳብቃል፤ ቲፎር የሚሉት ሆርሞን ደህና መስሎ ይታያል፣ ታይሮይድን የሚያዘው ቲኤስኤች ግን እንደጨመረ ይቀራል። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ መጠኑን ይጨምርልሻል፤ በኋላ በደንብ መዋጥ ስትጀምሪ ልብሽ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጥርሻል። ዘለልኩ ማለት ነውር የለውም።

መጠኑ በተቀየረ በሳምንቱ ለውጥ አትፈልጊ። መድኃኒቱ ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ቲኤስኤች የሚረጋውም ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ደከመኝ ብለሽ በራስሽ ጊዜ እጥፍ እንዳትወስጂ። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ማን ከለከለሽ፤ ክኒኑን ግን አታቋርጪ።

ይህን ሁሉ ጠብቀሽ አሁንም ካልረጋ ጨጓራሽን ተመርመሪ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ የጨጓራን አሲድ ሲያዛባ ክኒኑ በደንብ አይሟሟም፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞልም ይህንኑ ያደርጋል። ባክቴሪያው ከታከመ በኋላ ውጤታቸው የተስተካከለላቸው አሉ። ፀነስኩ ብለሽ ከጠረጠርሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የሰውነት ፍላጎት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጨምራልና በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ደውዪ።

ለሚመጣው ቀጠሮ የምትወስጃቸውን ሁሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ፋርማሲው ሌላ ኩባንያ የሠራውን ሰጥቶሽ ከሆነ ሐኪሙ ያየዋል። ለፀጉርሽ የገዛሽው ቫይታሚን ባዮቲን ካለበት ግን ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ቀን አቁሚው፤ የላቦራቶሪውን ቁጥር ያሳስታል።