ደነቀኝ፣ አደነቅሁ

«ደነቀኝ» ስል አድራጊው እኔ አይደለሁም፤ ነገሩ ነው። «አደነቅሁ» ስል ግን ሥራው የእኔ ይሆናል፤ አይቼ፣ መዝኜ፣ ክብር ሰጠሁ ማለት ነው። ከአንድ ሥር የበቀሉት እነዚህ ሁለት ቃላት የሳተርንን ጨረቃዎች ፎቶግራፎች ባየሁ ቁጥር ያሟግቱኛል።

ኢንሰለደስ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች፣ በረዶ የለበሰች ጨረቃ ናት። ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1789 በቴሌስኮፕ ሲያገኛት ከብርሃን ነጥብ አታልፍም ነበር። ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በ2005 ፀሐይን ከጨረቃዋ ጀርባ አድርጋ ስታነሳት ግን፣ ከደቡብ ዋልታዋ ወደ ሕዋ የሚፈናጠር የበረዶ ብናኝ ታየ። በበር ስንጥቅ የገባ የጧት ጨረር የቤቱን አቧራ እንደሚያጋልጥ፣ ብናኙንም ያጋለጠው ከኋላው የመጣው ብርሃን ነው።

ተጠራጣሪ ወዳጄ ግን ይጠይቀኛል፦ «ምኑን ነው የምታደንቀው? እዚያ ቆሞ ያየ ሰው የለም። ካሜራው የመዘገበው የብርሃንን መጠን ብቻ ነው። ቀለሙ የተገኘው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ የተነሱ ምስሎች እዚህ ምድር ላይ ተደራርበው ነው። የደነቀህ የሰው እጅ ሥራ እንጂ ጨረቃዋ አይደለችም።»

ሙግቱ ቀላል አይደለም። መንኮራኩሯ ስሙን የወረሰችው ጆቫኒ ካሲኒ ግን መልስ ያቀብለኛል። በ1671 ያፒተስ የተባለችውን ጨረቃ ሲያገኝ፣ ከሳተርን በስተምዕራብ ስትሆን ታየችው፤ በስተምሥራቅ ስትሆን ጠፋችበት። ግማሽ ገጿ ጥቁር ቢሆን ነው ብሎ ደመደመ። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ መንኮራኩሮች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ልክ መሆኑን አሳዩ። እሱም ቢሆን ገጿን ያየው በዓይኑ ሳይሆን በሐሳቡ ነው። ይሁንና መጥፋቷን ከራሱ አላመጣውም፤ ጨረቃዋ ናት የጠፋችበት። በፎቶግራፉም እንደዚሁ ነው፦ ቀለሙን እኛ ልናዋህደው እንችላለን፤ ከበረዶ ስንጥቅ የሚፈናጠረውን ብናኝ ግን ያዘዘው የለም። «ደነቀኝ» ማለት የሚያምርብኝ ለዚህ ነው።

«አደነቅሁ» ማለትስ መቼ ያምርብኛል? በ2017 የመንኮራኩሯ ነዳጅ ሊያልቅ ተቃረበ። ከምድር ይዛው የሄደችው ረቂቅ ተሕዋስ ቢኖር፣ አንድ ቀን ኢንሰለደስ ወይም ታይታን በተባለችው ሌላዋ የሳተርን ጨረቃ ላይ ወድቃ እንዳትበክላቸው፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን ሆን ተብሎ ወደ ሳተርን ከባቢ አየር ገብታ እንድትጠፋ ተደረገ። «ይህማ አድናቆት ሳይሆን የምርምር ጥንቃቄ ነው» ይላል ወዳጄ። ይሁን። አድናቆት ግን ከስሜት አልፎ ሥራ የሚሆን ከሆነ፣ እንዲህ ካለው እጅ መሰብሰብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም።

ዛሬ ሳተርንን የሚዞር የሰው ካሜራ የለም። ኢንሰለደስ ግን ብናኟን መርጨቷን አልተወችም።