የግል ነፋስ

መጋቢት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣብቀናል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ትከሻዬን ትጠብሰዋለች። መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ገፋ ከማድረጌ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ እየጠቀለሉ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ እባክህ ዝጋልኝ። ነፋሱ ይመታኛል።»

ዘጋሁት። ምን ላድርግ? እኛ ዘንድ ሙቀት ይታገሡታል እንጂ አይፈሩትም። የሚፈራው ነፋስ ነው። ጎን የሚወጋው እሱ፣ አንገት የሚያጣምመው እሱ፣ ለጉንፋኑም ለቁርጥማቱም ተጠያቂው እሱ። የታክሲ መስኮት የሚከፍት ሰው በተሳፋሪው ሁሉ ጤና ላይ እንደተነሣ ይቆጠራል።

ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። የእህቴ ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ ያመጣችልኝ የአንገት ማራገቢያ ነው። አውጥቼ አንገቴ ላይ አጠለቅሁት፤ ቁልፉን ተጫንኩ። እንደ ንብ እዝዝ አለና ቀጭን ነፋስ ከጆሮዬ ሥር ይነፍስ ጀመር። መስኮቱ ዝግ ነው፣ እናት አልተነኩም፣ የእኔ ላብ ግን ደረቀ። ረዳቱ ትክ ብሎ አየኝና፣

«ፋዘር፣ ዝናቡንስ መቼ ነው የሚያመጡት?» አለ።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ወለቴን አልፈን ዓለም ገና እስክንደርስ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። መስኮቱን ልክፈት ብል ኖሮ መለመን፣ መከራከር፣ ምናልባትም ቦታ መቀያየር ይኖርብኝ ነበር። አሁን ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ችግሬ ተፈታ። ታዲያ የተገላገልኩት ከሙቀቱ ብቻ ነው ወይስ ከሰዎቹም ጭምር?

ዕቃውን ላላያችሁት ልንገራችሁ። እንደ ፈረስ ጫማ የጎበጠ ፕላስቲክ ነው። በሁለቱ ጫፎች ትንንሽ ሞተሮች አሉት፤ የሚሽከረከሩት ክንፎች ከውስጥ ተሸፍነዋል። ነፋሱ የሚወጣው በጠርዙ ላይ በተደረደሩ ቀዳዳዎች ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም፤ ክንፉ ቢጋለጥ ፀጉር ይይዛል። ባትሪው ቢተልቅ አንገት ይከብዳል፤ ቢያንስ ደግሞ መንገድ ሳይጋመስ ያልቃል። ነፋሱ ቢጠነክር ድምፁ ጆሮ ሥር ይጮኻል። የሠራው ሰው በእነዚህ ሁሉ መካከል ሲመዝን እንደኖረ ያስታውቃል። ሙያውን አደንቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ይህ ዕቃ አየሩን አያቀዘቅዝም። ሥራው ላባችን ቶሎ እንዲተን ማድረግ ነው። 1 ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ማቀዝቀዣው ራሱ ገላችን ነው፤ ማሽኑ ያግዘዋል እንጂ ሌላ አልጨመረም። እገዛውም ወሰን አለው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ቬንትሌተር አትጠቀሙ ይላል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ገላን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም።

ይህ ምክር የሚጠቅመው አፋር በረሃ ላለ ሰው ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እኮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጡ ደገኞች ናቸው። በሱሉልታ ማለዳ ጋቢ ራሱ አይበቃም፤ ማራገቢያ ምን ሊሠራ? እዚህ የሚያስጨንቀን ሙቀት በአብዛኛው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን እኛው የሠራነው ነው፤ መስኮቱ የተዘጋ ታክሲ፣ ኮርኒስ የሌለው የቡራዩ ቆርቆሮ ቤት፣ የሰበታ የፕላስቲክ አበባ ቤት። የተሠራ ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ሆኖ ሊሠራ ይችል ነበር።

ጋቢን ካነሣን አይቀር፣ የቆዩት የብርድና የሙቀት መከላከያዎቻችን አንድ ጠባይ አላቸው። ለሁለተኛ ሰው ቦታ ይተዋሉ። ጋቢ ለሁለት ይለበሳል። ጃንጥላ የያዘ ሰው ዝናብ የሚቀጠቅጠውን መንገደኛ «ና፣ ግባ» ይለዋል፤ የራሱ ትከሻ እየራሰ። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ታራግብልኝ ነበር። ያ ነፋስ ከማሽኑ ይሻል ነበር ብዬ አልዋሽም፤ እጇ ሲደክም ይቆማል። ግን የእኔ ትኩሳት የሌላ ሰው ጉዳይ መሆኑን በዚያ ነፋስ አውቅ ነበር። የአንገት ማራገቢያው ላካፍል ብል እንኳ አያካፍልም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ናቸው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚለውን ተረት በፕላስቲክ የሠሩት ይመስላል።

ማታ ቤት ስመለስ ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ዘረዘርኩላት። እንደ ድሮ ተማሪዎቼ ሌክቸር ሰጠኋት ብል ይቀላል። ሳታቋርጠኝ ሰማችና፣

«ጋሼ፣ እርስዎን እናትዎ አራግበውልዎታል። ለእኔ እዚያ ማን ነበር?» አለችኝ።

ከዚያ ስለምትሠራበት ቤት ነገረችኝ። ማታ እንግዳ ሲመጣ ማቀዝቀዣው የሚሠራው ለሳሎኑ ነው። የወጡ ሽታ ወደ እንግዶቹ እንዳይሄድ የኩሽናው በር ይዘጋል። እሷ ከነምድጃው ውስጥ ትቀራለች። በር ክፈቱልኝ ማለት አይታሰብም። በሁለተኛው ዓመቷ ከደመወዟ ቆጥባ የአንገት ማራገቢያ ገዛች። አገሯ ስትገባ ለእኔም አንድ ይዛ መጣች፤ ደስ እንዲለኝ።

አፌን ያዝኩ። ራስ ወዳድነት ብዬ የሰየምኩት ነገር ለእሷ መጠጊያ ነበር። ማንም የማያራግብለት ሰው ለራሱ ቢያራግብ ምን ነውር አለው? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እንላለን፤ ሰው ያጣውስ መድኃኒቱን ከየት ያምጣ? በእኔና በእሷ መካከል ያለው ልዩነት ዕቃው ላይ አልነበረም። እሷ መስኮት ክፈቱልኝ ብላ መጠየቅ አትችልም ነበር። እኔ እችል ነበር፤ ግን መጠየቁ ስለሚያደክም ተውኩት።

የእሷ መልስ ያኑ ዕለት ሰበታ የሰማሁትን አስታወሰኝ። የሄድኩት ለቅሶ ልደርስ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ አንገቴ ላይ የረሳሁትን ማራገቢያ ስታየው ቆየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ቀደም ሲል በአንድ የአበባ እርሻ ውስጥ አበባ ቆራጭ ነበረች።

«እኛ ዘንድ የሚቀዘቅዘው አበባው ነው» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ አይደለም። ጽጌረዳ እንደተቆረጠች ውኃ ውስጥ ትገባለች። ቀጥላ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ወደሚሆን ማቀዝቀዣ ክፍል ትሄዳለች። በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ትደርሳለች፤ እዚያም ቀዝቃዛ መጋዘን ይጠብቃታል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ። ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ የአበባዋ ዕድሜ ያጥራል፣ ገንዘቡም አብሮ ይረግፋል። የፕላስቲክ ቤቱም ቢሆን የተሠራው ለእሷ ነው። የጎኑን ፕላስቲክ ጠቅልሎ ነፋስ ማስገባት ይቻላል። «ግን የሚነሣው አበባው ሲሞቀው እንጂ እኛ ሲሞቀን አይደለም» አለችኝ ሴትየዋ። ምሬት እንኳ አልነበረባትም፤ የሥራውን ጠባይ ነበር የምታስረዳኝ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይጠነክራል። የዚያ እርሻ ባለቤት ነገ ለእያንዳንዷ ሠራተኛ የአንገት ማራገቢያ ቢያድል እናመስግነው ወይስ እንውቀሰው?

ቸኩሎ መውቀስ አይገባም። ጃፓን ውስጥ ሂሮሺ ኢቺጋያ የሚባል፣ ቀድሞ ሶኒ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሰው፣ ወገቡ ላይ ሁለት ማራገቢያ ያለው ጃኬት ይዞ እ.ኤ.አ. በ2004 ኩባንያ አቋቋመ። ማራገቢያዎቹ የውጭ አየር ይስባሉ፤ አየሩ በጀርባ በኩል ላቡን እያደረቀ ወጥቶ በአንገትና በእጅጌ ይወጣል። ዛሬ የጃፓን የግንባታ ሠራተኞች በበጋ ይህን ለብሰው ይታያሉ። ሲሚንቶ ተሸክሞ የሚውልን ሰው ላብ ያደረቀ ይባረክ እንጂ ምን ይባላል?

ግን ሌላም መንገድ አለ። ሰውየውን ከሙቀቱ ጋር እንዲስማማ ማድረግ አንዱ ነው፤ ሙቀቱን ከሰውየው ማራቅ ሌላው ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ደንብ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ማሠራት ከልክላለች። ሠራተኛው አንገቱ ላይ ምንም ያጥልቅ፣ ሰዓቱ ሰዓት ነው። የቤት ሠራተኛ ግን በሌላ ሕግ ስለምትተዳደር የኩሽና ሙቀት በዚህ አይቆጠርም። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሥራ ቦታው ለሠራተኛው ጤናና ደኅንነት አደጋ እንዳይሆን የማድረግን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

የምፈራው ይህ ግዴታ ቀስ ብሎ ከጣሪያው ወርዶ ሠራተኛዋ አንገት ላይ እንዳይንጠለጠል ነው። ማራገቢያው ከታደለ በኋላ አንዷ ተዝለፍልፋ ብትወድቅ የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። ፊት «ይህ ቤት ለምን ነፋስ አያስገባም?» ይባል የነበረው፣ አሁን «ባትሪሽን ለምን ቻርጅ አላደረግሽም?» ይሆናል። ጥፋተኛዋ ራሷ የወደቀችው ትሆናለች። ስለዚህ መልሴ ይህ ነው፦ ማራገቢያውን ይስጥ፣ ምስጋናም ይቀበል፤ ፕላስቲኩን ግን ያንሣ። ስጦታው የግዴታው ምትክ ከሆነ፣ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ አፍ መዝጊያ ነው።

ነገሩ የአበባ እርሻ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎች ጋር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ገና በመሠራት ላይ ናቸው። ጣሪያው ሥር ኮርኒስ ይግባ አይግባ፣ የፋብሪካው ግድግዳ ስንት መስኮት ይኑረው፣ መንገድ ዳር ያለችው ዛፍ ትቁረጥ ትቅር፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው አሁን ነው። ዛሬ በጋራ ያልወሰንነውን ነገ እያንዳንዳችን በየግላችን ገዝተን እናጠልቀዋለን። የሚገዛበት የሌለው ደግሞ ላቡን በእጁ ይጠርጋል።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሰበታ ስሄድ አንድ ሙከራ አደረግሁ። መስኮቱን ከመንካቴ በፊት አጠገቤ ላሉት «ትንሽ ብንከፍተውስ?» አልኩ። ክርክር ተነሣ። አንዱ ይከፈት አለ፤ ሌላው ትናንት ከጉንፋን ነው የተነሣሁት አለ። አንዲት እናት ነፋስ ወደማይደርስበት ወንበር ይዛወሩ ተባለ፤ አንድ ጎረምሳ ተነሣላቸው። ረዳቱ ዳኛ ሆነ። ውሳኔው ሲሰጥ ወለቴን አልፈን ነበር፤ መስኮቱ ግማሽ ተከፈተ። ግማሽ ነፋስ ለሁላችንም ደረሰን። ቀሪውን መንገድ ስለ ጉንፋን መድኃኒት ስናወራ ሄድን።

ማራገቢያው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አልጣልኩትም። ማታ ማታ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ መስኮት የማይከፈትበት ቀን አይጠፋም።