ቋ ካላለ አልዳነም?

እነዚያን ቪዲዮዎች ሳታውቋቸው አትቀሩም። አንድ ሰው ተጋድሟል፤ ካይሮፕራክተሩ አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ ዘወር ያደርገዋል፤ ቋ! ድምፁ ጎልቶ እንዲሰማ ማይክራፎን አጠገቡ አለ። ታካሚው «እፎይ» ይላል፣ የሚያየው ሰው ሁሉ «ምነው እኔን ባረገኝ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ ኮድ ስለምጽፍ እኔም አያቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ግን አይለቀኝም፦ የሚያክም ሰው ዕዳው ምንድን ነው? ሰውየው እንደዳነ እንዲሰማው ማድረግ ነው ወይስ እንዲድን ማድረግ?

ሙያው የተወለደው በእንዲህ ያለ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ፣ ዲ. ዲ. ፓልመር የተባለ ሰው ሃርቪ ሊላርድ የተባለ መስማት የተሳነውን የጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ተጭኖ «አጥንቱን ወደ ቦታው መለስኩት፣ ሰውየውም ሰማ» አለ። ችግሩ፣ የመስማት ነርቭ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው በራስ ቅል ውስጥ ነው፤ በጀርባ አያልፍም።

ድምፁስ? እ.ኤ.አ. በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጣት መገጣጠሚያ ሲንጫጫ በኤምአርአይ ቀርጸው ነበር። ያዩት ቦታው የሚገባ አጥንት አይደለም። መገጣጠሚያው ሲላቀቅ ውስጡ ባለው ፈሳሽ መሃል በጋዝ የተሞላ ክፍተት ሲፈጠር ነው ያዩት። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ወገባቸውን በሚያማቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ፣ ለመሻል የግድ ቋ ማለት እንደማያስፈልግ አሳይቷል። በኛ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ ፕሮግራሙ ስክሪን ላይ «ተጠናቋል» ብሎ እንዲጽፍ ማድረግ አንድ መስመር ኮድ ነው። ሥራው መጠናቀቁ ሌላ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ሰውየው ደስ ካለው ምን ቸገረህ?» ትሉ ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ድምፁ የሚያክመውን ሰው ራሱን ማስተማሩ ነው። ቋ ሲል «ሠራ» ይላል፤ ካላለ ደግሞ ኃይል ይጨምራል። ለተማሪውም የሚያወርሰው ይህንኑ ነው። አንገት ላይ ሲሆን ነገሩ ጨዋታ አይደለም፤ ብዙ ባይሆንም፣ ከእንዲህ ያለ ጥምዘዛ በኋላ የአንገት ደም ሥር የተቀደደባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ከሙያው ውስጥ ሌላ መንገድ የፈለጉ ነበሩ። በ1960ዎቹ ሚኒሶታ ውስጥ አርላን ፈር እና ዋረን ሊ የተባሉ ካይሮፕራክተሮች መጠምዘዙን ትተው በአውራ ጣት ፈጣንና ቀላል ግፊት ይሠሩ ነበር። ቀኑን ሙሉ በጣት መግፋት ግን አድካሚ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ፈለጉ፤ መጀመሪያ ከጥርስ ሐኪሞች ዕቃ ተውሰው ሞከሩ፣ በኋላ አክቲቬተር የተባለችውን በእጅ የምትያዝ ባለ ስፕሪንግ መሣሪያ ሠሩ። የምትሰጠው ጉልበት ከ0.3 ጁል አይበልጥም፤ ጊዜውም 3 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፦ 100 ግራም የምትመዝን ሎሚ ከ30 ሴንቲሜትር ከፍታ ብትወድቅባችሁ የሚኖራት ጉልበት ነው። ፈር ከዚያ በኋላ ዘዴውን ለሌሎች ሲያስተምር ኖረ።

እኔን የገረመኝ አለመጉዳቷ ብቻ አይደለም። የሚለካ ኃይል ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ የተሰጠው ሰው ደግሞ ሊጠይቅ ይችላል። «እጄ ያውቃል» የሚል መምህር ፊት ተማሪው አድናቂ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። «ይህን ያህል ነው» የሚል መምህር ግን ሊታረም ይችላል።

ይሁንና ለስላሳ መሆን ብቻውን ከጥያቄ አያስጥልም። በዚህ ዘዴ የት እንደሚገፋ ለማወቅ ታካሚው ተኝቶ የሁለት እግሮቹ ርዝመት በዓይን ይነጻጸራል። የሚለካውም የሚያስተካክለውም «ተስተካከለ» የሚለውም አንድ ሰው ነው! እኛ ዘንድ ኮዱን የጻፈ ሰው ብቻውን አያጸድቀውም። ደግሞ መሣሪያዋም ቀጭ ትላለች፤ ድምፅ ወዳጅ ጆሮ እሷንም ማስረጃ ሊያደርጋት ይችላል። ጀርባን በእጅ ማከም ለወገብ ሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው ጥናቶች ያሳያሉ። ፓልመር እንዳለው ለሁሉም በሽታ መድኃኒት መሆኑን ግን ያሳየ የለም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ የሰፈራችሁን ወጌሻ አስቡ። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ ነው፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ግን የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ልጁ በስብራት ሄዶ ያለ እጅ ይመለሳል። የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳት ነው። ቋ የሚለውን ቦታ እዚህ የያዘው ጥብቀቱ ነው፦ ጠበቅ ያለ እስር የጥሩ ሥራ ምልክት ይመስላል፤ ልጁ ሲያለቅስ «ቻለው» ይባላል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ወጌሾችን ሰብስበው ያስተማሩ ሐኪሞች አሉ። ትምህርቱ ከባድ አይደለም፦ አላልታችሁ እሰሩ፣ ጣቶቹን እዩ፤ ቀለማቸው ተለውጧል? ቀዝቅዘዋል? ሕመሙ እየባሰ ነው? እንግዲያው ፍቱት። ይህ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ አካሉ «አይ፣ ተሳስተሃል» የሚልበትን ቦታ መተው ነው። ለስላሳነት የምለውም ይህንን ነው። ኃይለኛ እጅ መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ለስላሳ እጅ ጠይቆ ይጠብቃል። መጠበቅ ደግሞ ለማይክራፎን አይመችም።

ስለዚህ ወገቡን ታክሞ የመጣ ጓደኛችሁን «ቋ አለልህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። ሳምንት ጠብቁና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር መቻል አለመቻሉን ጠይቁት።