ገበያውን የከፈተው አይጠየቅም?



ሰሞኑን ከመግሪብ ደርስ በኋላ አንድ ወንድማችን ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ፌስቡክ ላይ ሰው ቢዋሽ ወንጀሉ የዋሸው ነው። ኩባንያው ምን አገባው? ቤት አከራይ በተከራዩ ጥፋት አይከሰስም እኮ።»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ፊቅህ ውስጥ ሥር አለው። ዑለማዎች ጉዳቱን በእጁ ያደረሰውን (ሙባሺር) እና ሰበብ የሆነውን (ሙተሰቢብ) ይለያሉ። አንዱ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢቆፍር፣ ሌላው መጥቶ የሰው ከብት ቢከትበት፣ ከፋዩ የከተተው ነው። የአሜሪካ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በታወቀው ክፍል 230 መሠረት መድረኩን ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር እንደ ጸሐፊ አይቆጥረውም።

አሁን አንድ ክስ እንይ። በጥቅምት 2014 ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩ ፕሮፌሰር ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና ፎቷቸውን የያዙ የጥላቻ ፖስቶች ፌስቡክ ላይ ሲዞሩ እንደነበር፣ ደጋግሞ ሪፖርት ቢያደርግም በጊዜው እንዳልተነሱ ልጃቸው ይናገራል። በ2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። ሜታ «ኬንያ ልትዳኘኝ አትችልም» ብሎ ተከራከረ። በመጋቢት 2017 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ይህ ክሱን ለመስማት እንጂ ጥፋተኛ ለማለት አይደለም፤ እኛም ከዳኛው አንቅደም።

ግን የአከራዩ ምሳሌ እዚህ ይሰበራል። አከራይ ቁልፍ ሰጥቶ ይሄዳል። ይህኛው የትኛው ፖስት ከፊት እንደሚወጣ ይመርጣል፣ ጸሐፊውን ጭራሽ ለማያውቁ ሰዎች ስልክ ድረስ ይወስደዋል፣ እነሱ አፍጥጠው በቆዩ ቁጥር ማስታወቂያ ይሸጣል። (ደላላ እንኳ እንዲህ አይደክምም!) በሐዲስ የመጣው «አል-ኸራጁ ቢድ-ደማን» የሚለው መርህ ደግሞ ጥቅምን ከኃላፊነት ጋር ያስራል።

በዚያ ላይ ሰበብ የሆነ ሰው ነፃ የሚሆነው ድንበር እስካላለፈ ነው። ሪፖርት ደርሶት፣ ሰው ሊሞት እንደሚችል ተነግሮት ዝም ካለ «አላወቅኩም» ማለት አይችልም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ጥቆማ የደረሰው የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ የሚለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኛል። ለእያንዳንዱ ቃል ተጠያቂ ከሆኑ ከቅጣት ለማምለጥ ሁሉንም ይሰርዛሉ፤ ሊያዘጋህ የፈለገ ሁሉ ተሰብስቦ ሪፖርት ያደርግሃል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የሜታን ገጾች በተመለከተ ከመረመራቸው 1,050 ጉዳዮች 1,049ኙ የታፈኑ ሰላማዊ የፍልስጤም ድጋፎች ነበሩ። ስለዚህ ለኔ ተጠያቂነቱ ራሳቸው ገፍተው ባሰራጩትና በነፍስ ላይ አደጋ እንዳለው ተነግሯቸው በተዉት ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ሰው በተናገረው ሁሉ ላይ አይደለም።

ወንድማችን ይህን ሰምቶ «ሼር ያደረገውስ?» አለኝ። ከብቱን ጉድጓድ ውስጥ ከከተተው ጋር ቁጭ ብሎ ይተሳሰብ አልኩት። ዝርዝሩን በሚቀጥለው ጁሙዓ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።